ሃምሳ ሰባት ባትሪ ባለበት ቤት ሻማ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ፦

የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ነው። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው፤ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ባለቤቴ አይጠጣም፣ አይቅምም፣ አምሽቶ አይገባም። አመሉ አንድ ነው፤ ባትሪ ይሰበስባል። የመኪና እንዳይመስላችሁ፣ የእጅ ባትሪ ነው። ባለፈው ስቆጥር ሃምሳ ሰባት ደርሷል። ጣት የሚያህል አለ፣ ክንድ የሚያህል አለ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር አለ፣ በእጅ እየተጨመቀ የሚበራ አለ። ማታ አልጋው ላይ ደርድሮ በጨርቅ ሲወለውላቸው ያመሻል። ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ።

ያቃተኝ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ እኛ ቤት የሚበራው ሻማ ነው! «እነሱ ለዚህ አይደሉም፣ ይጫጫራሉ» ይለኛል። በቀደም ጎረቤታችን ያሉ እናት የልጅ ልጃቸው በሌሊት ታሞባቸው ባትሪ ሊዋሱ መጡ። ባለቤቴ ጓዳ ገብቶ ሲመርጥ ሲመርጥ ቆየና ይዞ የወጣው ድንጋይዋ ያለቀ የፕላስቲክ ባትሪ ነው። ከግቢው ሳይወጡ ጠፋችባቸው። በስልኬ መብራት እያሳየሁ ሸኘኋቸው፤ እስከ ዛሬ ቀና ብዬ ላያቸው አፍራለሁ። በዚያ ላይ «800 ብር ነው» ያለኝን ባትሪ 6,500 ብር እንደገዛው ለጓደኛው በስልክ ሲነግረው ሰማሁ። እህቴ «ይሄ በሽታ ነው፣ ጠበል ይዘሽው ሂጂ» ትላለች። እኔ ደግሞ መስክ ሲወጣ ጠብቄ ግማሹን ሸጬ ልገላገል እያልኩ ነው። ምን ትሉኛላችሁ? ልደቱም እየደረሰ ነው፤ ብናደድበትም ባዶ እጄን ልሆን አልሆነልኝም። ባትሪ ልግዛለት ወይስ ይቅርበት?

ሻማ የሰለቻት፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እጅሽን ከባትሪዎቹ ላይ አንሺ። ከመስክ ሲመለስ ግማሹ ተሸጦ ቢጠብቀው፣ ከዚያ በኋላ የምትጣሉት ስለ ባትሪ መሆኑ ይቀራል። «ዋጋ ደበቀኝ» ብለሽ የከሰስሽው ሰው ከሳሽ ሆኖ ይነሳል፤ ሽማግሌ ቢቀመጥም የሚፈረደው ለእሱ ነው። ደግሞስ የትኛውን ልትሸጪ ነው? ትልቁ ውድ፣ ትንሹ ርካሽ ነው ብለሽ ከሄድሽ ተበላሽ። አውራ ጣት የምታህለው ባለ መዳብ አካል፣ ክንድ ከሚያህለው ባለ ሦስት ድንጋይ ቆርቆሮ ብዙ እጥፍ ልታወጣ ትችላለች። የሚገዛሽ ነጋዴ ደግሞ ይህን ቁጭ ብሎ አያስተምርሽም።

እህትሽ «በሽታ ነው» ማለቷን ስቄ አላልፈውም፤ በሽታ የሚሆንበት ጊዜ አለና። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ዕቃ ማከማቸትን ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። ታዲያ ሕመሙ የሚለየው በቁጥር አይደለም። ታማሚው የሚጠቅመውንም የማይጠቅመውንም መጣል ያቅተዋል፤ ዕቃው ክፍሉን ይሞላውና አልጋው አይተኛበትም፣ ወጥ ቤቱ አይበሰልበትም፤ አንዷን ላንሳ ቢሉት ይጨነቃል። ያንቺ ባለቤት በዓይነት በዓይነታቸው ደርድሮ፣ ወልውሎ፣ እያንዳንዷን ከየት እንዳመጣት የሚያውቅ ሰው ነው። ይህ ሰብሳቢ ነው። ጠበሉ ለበረከት ይሁናችሁ፤ ለባትሪው ግን አያስፈልግም።

አሁን ትንሽ ታገሺኝና እሱ የሚያየውን ላሳይሽ። ይህን ሳታዪ የምሰጥሽ ምክር ሁሉ «ተወው» ወይም «ቻዪው» ከማለት አያልፍም።

ያ አልጋ ላይ የሚደረደረው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ዴቪድ ሚዜል የሚባል እንግሊዛዊ ድንጋዮቹ በቱቦ ውስጥ ተከታትለው የሚገቡበትን የእጅ ባትሪ በአሜሪካ አስመዘገበ። ሥራው የሄደው ኮንራድ ሁበርት ለሚባል፣ ከሩሲያ ተሰድዶ ኒው ዮርክ ለገባ ነጋዴ ኩባንያ ነበር፤ ኩባንያው ኋላ ኤቨሬዲ የሚለውን ስም ይዞ ወጣ። የዚያን ጊዜው ድንጋይ አቅም ስላልነበረው አብርተው ረጅም መንገድ አይሄዱበትም፤ ብልጭ አድርገው ያዩበትና ያጠፉታል። በእጅ እየተጨመቀ ይበራል ያልሽኝ ደግሞ ዘሩ የሚመዘዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ድንጋይ በጠፋበት ዘመን የሆላንዱ ፊሊፕስ በመዳፍ ሲጨመቅ ውስጡ ያለች ትንሽ ዲናሞ የምትዞር ባትሪ ሠርቶ ነበር። ድንጋይ አትፈልግም፣ ክርር ክርር ትላለች እንጂ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1979 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማግላይት ወጣ፤ አካሉ ጥቅጥቅ ያለ አልሙኒየም፣ ፖሊስ ወገቡ ላይ የሚሰካው ዓይነት። ከሃምሳ ሰባቱ መካከል አንድ ማግላይት ከሌለ እኔ ባለቤትሽን አላውቀውም።

ነገሩን ሁሉ የገለበጠው ግን ሹጂ ናካሙራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ጃፓን ውስጥ ደማቅ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ አወጣ። ሰማያዊው ላይ ቢጫ ፎስፈር (ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም የሚመልስ ቅብ) ሲቀባበት ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው ባትሪ ሁሉ የሚያበራው በዚህ ነው። ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙትም ለዚሁ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ ክር አምፖል ከሚበላው ጉልበት አብዛኛውን የሚያወጣው በሙቀት መልክ ነበር፤ ለብርሃን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለዚህ ነበር ድንጋይ ቶሎ የሚያልቀው።

እኛም አገር ያች ቆርቆሮ ባትሪ የራሷ ዘመን ነበራት። የዘበኛው፣ ለማኅሌት በሌሊት የሚወጡት አባት፣ ጅብ የሚፈራው ገበሬ፣ ሁሉም ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ድንጋይ ነበር የሚይዙት። ነብሯ ያለችበት ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣና ማታ ትንሽ ይታዘዛል፤ ሲሞቅ በውስጡ የቀረው ኬሚካል ስለሚነቃቃ ነው። (ይህን ዘዴ ልብ በይው፣ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።)

ከታሪኩ ቀጥሎ የሚያሰክራቸው ጨረሩ ነው። ባለቤትሽ «ይሄኛው ይወረውራል፣ ያኛው ይበትናል» ሲል ሰምተሽ ይሆናል። አንዱን ባትሪ አጥፊና ከፊት ለፊቱ እዪው። የአንጸባራቂው ሳህን ጥልቅና እንደ መስታወት ልሙጥ ከሆነ ብርሃኑን ሰብስቦ ሩቅ ይልከዋል፤ ጥልቀት ከሌለው ወይም ፊቱ ሸካራ ከሆነ ብርሃኑን ዘርግቶ ክፍሉን ይሞላዋል። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ሉመን የብርሃኑ ጠቅላላ ድምር ነው፤ ካንዴላ የሚለው ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ይናገራል። ባለ 300 ሉመን የተሰበሰበ ባትሪ ባለ 1,000 ሉመኑን በርቀት ሊያስከነዳው ይችላል። «400 ሜትር» የሚል ጽሑፍም በዚያ ርቀት የቆመ ሰው ጥርሱ ሳይቀር ይታያል ማለት አይደለም። አምራቾቹ በሚመሩበት መለኪያ፣ እዚያ የሚደርሰው ብርሃን 0.25 ሉክስ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ከምትሰጠው አይበልጥም። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ደግሞ የጨረሩ ኃይል አራት እጥፍ መሆን አለበት። የቤታችሁ ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው እዚህች ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ትንሽ ለመጨመር ብዙ ይከፈላል፣ መጨረሻም የለውም።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልነግርሽም፤ ራስሽ ሞክሪው። መብራት በጠፋበት ምሽት ሁለት ማንኪያ በርበሬ ነጭ ሳህን ላይ አድርጊ። ከሱቅ በርካሽ የተገዛችውን፣ ብርሃኗ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን አብሪባት፤ በርበሬው ቡናማ ሆኖ፣ ያረጀ መስሎ ይታይሻል። ከዚያ ባለቤትሽን «የቀለም ጥራቱ ከዘጠና በላይ የሆነውን ስጠኝ» በይው። አንድ ዓይነት አለው፣ እርግጠኛ ነኝ። በዚያ ሲበራ በርበሬሽ ቀን እንደምታውቂው ቀይ ይሆናል። ዘጠና ያልኩሽ የፀሐይ ብርሃን መቶ በሚያገኝበት መለኪያ ነው። ይህን ጥያቄ ከአንቺ አፍ ሲሰማ የሚያሳየውን ፊት ለማየት ብቻ እንኳ ብትጠይቂው አይቆጭሽም።

እንግዲህ ሰውየው ምን እንደሚወድ አየሽ። የሚወደው ነገር ደህና ነገር ነው። ጥፋቱ ያለው ብርሃን እየወደደ ሰው እንዲያይበት አለመፍቀዱ ላይ ነው። መብራትን አብርቶ እንቅብ የሚደፋበት የለም ይላል ወንጌሉ፤ ያንቺ ባለቤት ደግሞ ሳያበራውም ነው የሚደፋበት።

ከመፍረድሽ በፊት ግን ቡፌሽን ክፈቺ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ባለ ወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎች መቼ ነው ውኃ የተጠጣባቸው? «የእንግዳ ናቸው» ትያለሽ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «እንዳይሰበሩ» ብለሽ ሌላ ታወጫለሽ። እኔም ቤት አሉ። ባለቤትሽ ባትሪውን የሚያይበት ዓይን ይኸው ነው። ልዩነቱ ጎረቤት በሌሊት በር አንኳኩቶ ብርጭቆ አለመለመኑ ነው።

ስለዚህ የምመክርሽ «ወይ እኔ ወይ ባትሪው» እንድትዪ አይደለም። የቤቱንና የስብስቡን ለዩ። አንድ ባትሪ ለቤት ይውጣ። ይህ የሚወረውረው ሳይሆን የሚበትነው ይሁን፤ ብርሃኑ ዝቅ የሚልበት ደረጃ ያለው፣ መቀመጫው ጠፍጣፋ ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚቆም። ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ወደ ኮርኒሱ አብሩት። ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ብርሃኑ ተመልሶ ክፍሉን በሙሉ ያለብሰዋል፤ ዓይን አይወጋም፣ ጥላ አይበዛም፣ ልጁም የቤት ሥራውን ይሠራበታል። አንድ ሻማ የሚሰጠው 12 ሉመን ገደማ ነው። ባትሪው 100 ሉመን ላይ ቢቀመጥ ስምንት ሻማ ያህላል፤ ደህና የሊትየም ድንጋይ ካለውም በዚህ ደረጃ ከራት እስከ እንቅልፍ ሳይጠራጠሩ ያስኬዳል። የአምስት ዓመት ልጅና መጋረጃ ባለበት ቤት ሻማ የማልወድበትን ምክንያት መዘርዘር ያለብኝ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ባትሪ የውሰት ነው፤ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይሰቀል። እዚህ ላይ ለባለቤትሽ ግማሽ ያህል ልፍረድለት። ኃይለኛ ባትሪ ለማያውቅ ሰው ማዋስ እውነትም አይመከርም። አንዳንዶቹ ሙሉ ኃይላቸው ላይ ሲበሩ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ያወጣሉ፤ ሳይጠፉ ኪስ ወይም ቦርሳ ቢገቡ ጨርቅ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ደህናውን ላለመስጠት ምክንያት ነበረው እንበል። ያለቀውን ለመስጠት ግን ምክንያት የለውም። የውሰቱ ባትሪ ድንጋዩ ከየትኛውም ሱቅ የሚገኝ፣ አንድ ማብሪያ ብቻ ያለው፣ ባይመለስም እንቅልፍ የማይነሳ ይሁን። ድንጋዩን በየጊዜው የሚፈትሸው እሱ ነው። ይህን ሥራ ደስ ብሎት ነው የሚሠራው፤ ሰብሳቢ ሰው የሚፈትሸው ነገር ሲያገኝ አይጠላም።

ጎረቤትሽን በተመለከተ፣ ማፈር ያለብሽ አንቺ አይደለሽም። በስልክሽ ሸኝተሻቸዋል። እሱ ራሱ ይሂድ፤ በቀን፣ የታመመውን ልጅ ለመጠየቅ ብሎ፣ አንድ ደህና ባትሪ ከነድንጋዩ ይዞ። «ያን ዕለት ያሳፈርኩዎት እኔ ነኝ፣ ይቺ ከእርስዎ ጋር ትቅር» ይበላቸው። ከሃምሳ ሰባት አንድ ቢጎድል ሃምሳ ስድስት ነው። አብረሽው አትሂጂ፤ ከሄድሽ የምትናገሪው አንቺ ትሆኛለሽ።

አሁን አንቺ ያልጠየቅሽኝ፣ እኔን ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ ያሳሰበኝ ነገር። ቤቱ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ አለ። ድንጋዮቹ የት ነው የሚቀመጡት? ዛሬውኑ የኮመዲኖውን መሳቢያ ክፈቺና እዪ።

መጀመሪያ የምትፈልጊው የቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠሉትን ትንንሾቹን ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ድንጋይ አለች። ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮ ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ውስጡን ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። እንዲያስታውክ አታድርጉ፣ ይወጣል ብላችሁም አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት። ክዳናቸው በቡሎን የማይታሰር ከሆነ እነዚያ ባትሪዎች ልጁ ከማይደርስበት ይውጡ። ይህን ለነገ አታሳድሪው።

ቀጥሎ ቻርጅ የሚደረጉት አሉ። በብዛት የምታገኚው 18650 የሚባለውን ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፣ ከ2.5 በታች ወርዶ ከቆየ ይበላሻል፣ ተበላሽቶ እንደገና ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ አደገኛ ይሆናል። የፕላስቲክ ልባሱ የተቀደደ ካየሽ ለብቻው አውጪው። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ የተጣለ ካለም እንዲሁ፤ ብረት ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ይግላል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ላዩ ላይ «9,900» ሚሊ አምፒር ሰዓት (ድንጋዩ የሚይዘው መጠን) የሚል ቁጥር የተጻፈበት ካገኘሽ ቁጥሩ ውሸት ነው። በዚህ መጠን የሚሠሩት ደህና የሚባሉት 3,500 ገደማ ናቸው። አምራቹ በዚህ ከዋሸ በሌላውም እንዳልዋሸ ምን ዋስትና አለ? ባለቤትሽ ይህን ያውቃል፤ አውቆም «ለመሞከር» ብሎ ያስቀመጠው ይኖራል።

ቻርጅ ማድረግ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ እንጂ አልጋ ሥር አይደለም። የማይሠራባቸው ደግሞ በግማሽ ተሞልተው፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጡ። ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚያቃጥለው ቆርቆሮ ሥር ያለ ቁም ሣጥን አይሆንም። ያ ፀሐይ ላይ የማስጣት ዘዴ ለነብሯ ድንጋይ ነበር፤ ሊትየም ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ሽማግሌ ዘመድ ቤታችሁ ቢመጣ እጁን ያዙት።

የቆርቆሮዎቹንና የአሮጌዎቹን ጭራ ፍቺና ውስጣቸውን ተመልከቺ። ድንጋይ ውስጣቸው የተረሳባቸው ካሉ ሞላው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ታያለሽ፤ ድንጋዩ ፈስሶ ብረቱን እየበላው ነው። በጓንት አውጪው። አልካላይን የሚል ድንጋይ ከነበረ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጫፍ ላይ ትንሽ አቼቶ አድርገሽ ጥረጊው፤ ተራው ድንጋይ ከነበረ በአቼቶው ፋንታ በውኃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይሻላል። ከዚያ ድርቅ አድርገሽ አውጪው። ወይም ይህን ሁሉ ተዪውና ሞላውን ለባለቤትሽ አሳይው፤ ደሙ ይፈላል፣ ያን ዕለት ማታ ሃምሳ ሰባቱንም ይፈትሻል። ለስብስብ የሚቀመጥ ባትሪ ድንጋዩ ወጥቶ ነው የሚቀመጠው።

ገንዘቡ ላይ አጠር ልበል። 800 ያላት 6,500 መሆኗ ያስቆጣል፤ እኔንም አስቆጥቶኛል። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን ያህል እንደተወደደ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባለፈው ዓመት የገዛትን ዛሬ በዚያ ዋጋ አያገኛትም። ግን የዋሸው ዋጋው ስለከበደ ብቻ አይመስለኝም። «ለዚህ ብረት?» የምትለውን ቃል ከአንቺ አፍ ላለመስማት ነው። ቃሏን ተዪለት፣ እሱም ውሸቱን ይተው። በወር ይህን ያህል ብር የእሱ ነው፣ አይጠየቅበትም ተባባሉ፤ የአንቺም እንዲሁ ይኑር። ከዚያ በላይ የሆነ ባትሪ ካማረው ካሉት አንዷን ሸጦ ይግዛ። እንደዚያ ሲሆን መምረጥ ይጀምራል፣ ስብስቡም ያምራል። ደብተርም ይያዝ፤ ስሟ፣ የተገዛችበት ቀን፣ እውነተኛ ዋጋዋ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ትርፍ የሊትየም ድንጋይ እንዲያመጣለት ካዘዘ በእጅ ቦርሳ መያዝ እንዳለበት ይንገረው። ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አየር መንገዶች አይፈቅዱትም፤ ዘመድ በእሱ ምክንያት ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ሲያራግፍ መዋል የለበትም።

አልጋ ላይ መወልወሉ ሰልችቶሻል። እኔ ብሆን ከቤት አወጣው ነበር። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አሞራ ገደል ዓሣችሁን ብሉና ሲመሽ ወደ ፍቅር ሐይቅ በእግራችሁ ውረዱ። ሁለት ባትሪ ብቻ ይያዝ፣ አንድ የሚወረውር፣ አንድ የሚበትን፤ ልዩነቱን ለልጁ ያሳየው። መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት የሚመስሉት ሁለቱ ውኃ ላይ ሲበሩ አንዷ ፊት ለፊት ስትዘረጋ ሌላዋ ሩቅ ሄዳ ስትቀር ያኔ ይታይሻል። ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ዓይን ላይ እንዳያበራ፤ በጨለማ የለመደ ዓይን እንደዚያ ሲመታ ለደቂቃዎች አያይም። ወደ ደንገሉም አትጠጉ፣ ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ የሰው መስኮት ላይ ማብራት አይሞከር፤ ለፖሊስ «ጨረሩን እየለካሁ ነው» ብሎ ማስረዳት ረጅም ምሽት ይሆንበታል።

ስለ ልደቱ፦ ባትሪ እንዳትገዢለት። ያለውንና የሌለውን አታውቂም፤ የምትገዢለት ወይ አለው፣ ወይ አይወዳትም፣ ደስ ያለው ለመምሰልም ሲጨነቅ ይውላል። ደህና ቻርጀር ግዢለት። አራት ድንጋይ በአንዴ የሚይዝ፣ የእያንዳንዱን ቮልት ለየብቻ የሚያሳይ፣ 4.2 ሲደርስ ራሱ የሚያቆም ይሁን። ብር ከተረፈሽ አናጢ ጋ ሄደሽ ክዳንና ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን አሠሪለት፤ ውስጡ በጨርቅ ይለበድ፣ ለድንጋዮቹ የተለየ ክፍል ይኑረው፣ ቁልፉ ልጁ የማይደርስበት ላይ ይንጠልጠል። የቻርጀሩን ካርቶን ግን እንዳትጥይው፤ እሱንም ይፈልገዋል።